አባዬ የደም ብዛት ኪኒኑን ሦስት ሦስት እየዋጠ ነው፤ «ለአንጀት ካንሰር ይሆናል» ብለውታል

ጓሳ_ሳር (ሰኞ ጠዋት)

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባዬ 67 ዓመቱ ነው፣ መሐል ሜዳ ነው የሚኖረው። ደም ብዛት አለበት፣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ኢናላፕሪል ነው የሚወስደው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። አምና ክረምት ላይ ደግሞ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘበት። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አሁን ኬሞ ላይ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ከመንዝ ይነሳል፣ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ያድራል፣ በነጋታው አብረን አዲስ አበባ እንገባለን።

ትናንት ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። ሌሊት ወደ ውጭ ሊወጣ ተነስቶ በሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀብኝ። የኛ አገር ብርድ ነው ብዬ ጋቢ ደራረብኩለት፣ አጥሚት አፈላሁ። ጠዋት ኮቱን ሳነሳ ከኪሱ የኪኒን ልጣጭ ወደቀ። ቆጠርኩት። የወር መድኃኒት ነው፣ በአሥር ቀን አልቋል።

«አባዬ ይሄ ምንድነው?» ስለው ዝም አለኝ። ቆይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጎረቤት በስልኩ አሰማኝ። የደም ብዛት መድኃኒት የአንጀት ካንሰር ይገላል ብለው ፈረንጆቹ ደርሰውበታል። እጄ ላይ ያለውን ትቼ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያንከራትተኛል?»

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሄ ነገር እውነት አለው ወይስ ዝም ብሎ የቴሌግራም ወሬ ነው? ደግሞስ እንዴት ላስረዳው? ተነስቼ «ውሸት ነው» ብለው፣ ኋላ ወሬው ውስጥ ትንሽ እውነት ቢገኝ ሁለተኛ አያምነኝም። አባቴን አውቀዋለሁ።

ባለ_ጋቢው

መጀመሪያ ዳማከሴ፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ አሁን ደግሞ ኢናላፕሪል። ጎረቤታችሁ ፋርማሲ ሊከፍት ነው እንዴ? 😄 አባትህን ግን እግዜር ይማርልህ ወንድሜ።

ነርሷ_ደብረብርሃን

ቀልዱ ይቆየን። ጓሳ፣ ግፊታቸው ተለክቷል? ካልተለካ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ ይዘሃቸው ሂድ።

መውደቃቸው ብርድ አይደለም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ውሃ እንኳ አልወርድ ይለዋል። ሰውነቱ ደርቋል ማለት ነው። በደረቀ ሰውነት ላይ ኢናላፕሪል ሦስት እጥፍ ሲጨመርበት ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ይላል። ፖታሲየም ከልክ ሲያልፍ ልብ ምቱን ይስታል። ስለዚህ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይታዘዝላቸው። ስንት ፍሬ ለስንት ቀን እንደወሰዱም ሳትደብቅ ተናገር። ልጣጩንም ይዘህ ሂድ።

ጓሳ_ሳር (ሰኞ ከሰዓት)

ሲስተር ከልብ አመሰግናለሁ። ወስጄዋለሁ። 85 በ50 ነበር። ግሉኮስ ሰቀሉለት። ክሬአቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ፖታሲየሙ ደህና ነው አሉ። ኢናላፕሪሉን ለጊዜው አስቁመውታል፣ ሐሙስ ተመልሶ ይታያል። አሁን ተኝቷል፣ ያንኮራፋል። እንደዛሬ ማንኮራፋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሉ አሁን ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ንገሩኝ። ሲነቃ ያፋጥጠኛል።

ፋርማሲስቷ

እኔ እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ይሄን ጥያቄ በዚህ ወር ስሰማው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ወሬው ከባዶ አልተነሳም። እውነቱ ላይ ግን አምስት ኩንታል ተጭኖበታል።

ሰውነታችን አንጂዮቴንሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል። እሱ ደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል። ኢናላፕሪል ይሄ ነገር እንዳይሠራ ይከለክላል። ሎሳርታን የሚባለው ሌላው የግፊት ኪኒን ደግሞ ከተሠራ በኋላ የሚገባበትን በር ይዘጋበታል። ታዲያ ይሄው አንጂዮቴንሲን ዕጢ አካባቢ ሌላ አመልም አለው፣ አዲስ ደም ሥር እንዲበቅል ይገፋፋል። ካንሰር ደግሞ የራሱን ደም ሥር ካላበቀለ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ «ለግፊቱ የምንከለክለውን ለዕጢውስ ብንከለክለው?» ብሎ መጠየቅ እብደት አይደለም። በሳህን ላይ ባደገ ሴልና በአይጥ ላይ ሲሞከርም ዕጢው ያዘገመባቸው ጊዜዎች አሉ።

ግን አይጥ አይጥ ነው። በአይጥ ላይ ሠርቶ ሰው ላይ ሲደርስ ዝም ያለ መድኃኒት ስንት እንዳለ ብታውቁ!

የአንኮበር_መምህር

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ብዘባርቅ ፍቀዱልኝ።

ለዚህ ወሬ መነሻ ሊሆን የሚችለው ትልቁ ጥናት የሆንግ ኮንግ ነው። በፈረንጆቹ 2020 ሃይፐርቴንሽን በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ የማየት ምርመራ) ተደርጎላቸው «አንጀትሽ ንጹሕ ነው፣ አንጀትህ ንጹሕ ነው» የተባሉ 187,897 ሰዎችን መዝገብ አገላብጠው አዩ። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉትን የሚወስዱት ሰዎች በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማይወስዱት በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ በሆኑት፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት አንጀታቸው ላይ ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ ዕጢ) በተገኘባቸው ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ አልታየም።

አሁን ልብ በሉ። ይሄ ስለ መያዝ ነው እንጂ ከተያዙ በኋላ ስለ መዳን አይደለም። የጓሳ አባት ደግሞ መድኃኒቱን ዘጠኝ ዓመት እየወሰዱ ነው ካንሰሩ የያዛቸው። ዋስትና እንዳልሆነ ይሄ ብቻውን ይናገራል።

ሌላው፣ መዝገብ ማገላበጥና መሞከር አንድ አይደሉም። ክትትል ያለው ሰው ሐኪም ቤት ይመላለሳል፣ ይመረመራል፣ ምናልባት ሲጋራም ይተዋል። ጥቅሙ የኪኒኑ ይሁን የመመላለሱ በመዝገብ ብቻ አይለይም። የሚለየው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መድኃኒት፣ ግማሹን ማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት ኪኒን) ሲሰጡ ነው።

ደግሞ ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1998 የግላስጎው ሐኪሞች 5,207 የደም ግፊት ታካሚዎችን አይተው ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች አንዱ ሲያጸድቅ ሌላው ሲያፈርስ ቆይተዋል።

በነገራችን ላይ የዚህ መድኃኒት ዘር ታላቅ ወንድም ካፕቶፕሪል ነው። ሐሳቡ የተገኘው ከብራዚል እባብ መርዝ ነው። እባቡ የነደፈው ሰው ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ተመራማሪዎች ደግሞ ለምን ብለው ተከታተሉት።

ባለ_ጋቢው

ቆይ ቆይ። እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የእባብ መርዝ ነው የምትውጠው? ዛሬ ማታ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት

ፋርማሲስቷ

መርዙን አይደለም ጋሼ! የመርዙን አሠራር አይተው በላብራቶሪ የሠሩት ሌላ ነገር ነው። እባክህ እንዲህ ብለህ እንዳትነግራቸው፣ ነገ ኪኒናቸውን ጥለው ይመጡብኛል።

ይፋት_ማሳ

እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። ሲስተሯ ግፊት ይወርዳል ትላለች፣ ፋርማሲስቷ ለዕጢው ደም ሥር እንዳይበቅል ያደርጋል ትላለች። እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ሎሳርታን የዕጢውን ደም ሥር ይከፍታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይከፍታል ወይስ ይዘጋል? ሁለቱም ከሆነ እኮ አንዱ ሰው እየዋሸን ነው።

የአንኮበር_መምህር

ይፋት፣ ተማሪዎቼ እንዳንተ ቢጠይቁኝ በወደድኩ።

ሁለቱም ተጠንቷል፣ የተለያየ ሐሳብ ነው። የመክፈቱ ነገር በዋናነት ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ያመጡት ነው። አንተ መስኖ ታውቃለህና እንዲህ ልበልህ። ማሳህ ዳር ቦይ አለ። ቦዩ በደለልና በሥር ተደፍኗል። ከላይ ውሃ ብትለቅ ማሳው መሃል አይደርስም፣ ዳር ዳሩን አርሶ ይቀራል። አንዳንድ ዕጢዎች እንዲህ ናቸው። እንደ ጅማት ያለ ጠጣር ነገር በውስጣቸው ይሞላና ደም ሥሮቹን ይጨፈልቃል። ኬሞ ቢሰጥ መሃል አይገባም። ሎሳርታን ያንን ጠጣር ነገር ይቀንሳል፣ ደም ሥሮቹ ቀና ይላሉ፣ ኬሞው ይገባል፣ ነው ሐሳቡ።

በሰው ላይም ተሞክሯል፣ ግን በአንጀት ሳይሆን በቆሽት ካንሰር። የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች በ2019 ያወጡት ነው። 49 ሰዎች፣ ካንሰራቸው ዙሪያውን ስለተሰራጨ በቀዶ ሕክምና ለማውጣት የማይመች። ከባድ ኬሞ ከሎሳርታን ጋር፣ ከዚያ ጨረር ተሰጣቸው። ከ49ኙ በ34ቱ ላይ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ተቻለ። ለዚያ በሽታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፣ ሎሳርታኑ ነው ወይስ ኬሞው ብቻውን ይሠራው ነበር አይታወቅም።

ይፋት_ማሳ

አሁን ገባኝ። ቦይ ጠራጊ ነው እንጂ ውሃው አይደለም።

የአንኮበር_መምህር

ከዚህ የተሻለ አላልኩም። ልሰርቅህ ነው፣ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

ነርሷ_ደብረብርሃን

አንድ ነገር ልጨምር። ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር የሚሰጥ ቤቫሲዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፣ አቫስቲንም ይሉታል። በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። እሱ የዕጢውን አዲስ ደም ሥር ነው የሚከለክለው። ዋነኛ ጎንዮሽ ጉዳቱ ምን መሰላችሁ? ደም ግፊት ከፍ ማድረግ! ስለዚህ ለካንሰር እየታከመ የደም ግፊት ኪኒን የሚጨመርለት ሰው ታገኛላችሁ። ያ ኪኒን የተሰጠው ለግፊቱ ነው። ቤተሰብ ግን ያይና «ለካንሰሩ ሰጡት» ብሎ ያወራል። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተሰማ_ዘደነባ

እኔ ግን በተቃራኒው ነው የሰማሁት። የደም ግፊት መድኃኒት ካንሰር ያመጣል ተብሎ በፈረንጆቹ 2018 ከገበያ ተሰበሰበ አይደል? የኔ ባለቤት ያኔ ሰምታ እስከዛሬ አትነካም። ራሷን ሲያማት ፌጦ ነው የምትወስደው። ማንን እንመን?

ፋርማሲስቷ

ጋሽ ተሰማ፣ እባክዎ ይሄን በጥሞና ያንብቡልኝ።

የ2018ቱ ነገር እውነት ነው። ግን የተሰበሰበው የሎሳርታን ዘመድ የሆነው ቫልሳርታን ነው፣ ያውም ሁሉም አይደለም። ቻይና አንድ ፋብሪካ የተሠራው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ኤንዲኤምኤ የሚባል ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ቆሻሻ ተገኘ። በዓመቱም በሌሎች ዘመዶቹ ላይ እንዲህ ያለ ተገኝቶ አንዳንዱ ተሰብስቧል። ጥፋቱ የአመራረቱ ነው። ጤፍ ውስጥ ጠጠር ቢገኝ ጤፍ ሰው ይጎዳል አንልም።

ከዚያ በፊት በ2010 አንድ ጥናት እነ ሎሳርታን ካንሰር በትንሹ ይጨምራሉ ብሎ ነበር፣ ዓለም ተንጫጫ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በዓመቱ እጅግ ብዙ ታካሚ ያለበትን መረጃ ሰብስቦ አየና እንደዚያ ያለ ጭማሪ አላገኘም። አያችሁ፣ ያው መድኃኒት አንዴ ካንሰር አምጪ፣ አንዴ ካንሰር ገዳይ ሲባል ነው የኖረው። እሱ ግን ሁሌም የሚሠራው ግፊት ማውረድ ነው።

ባለቤትዎን ይለኩልኝ። ደም ብዛት እኮ ራስ ምታት እስኪያመጣ አይጠብቅም፣ ስትሮክ ሲመጣ ነው «ኧረ ነበረብኝ» የሚባለው። ኢናላፕሪል አስሏቸው ትተውት ከሆነ ደግሞ ደረቅ ሳል የታወቀ ጠባዩ ነው፣ ሐኪሙ በሌላ ይቀይርላቸዋል።

ሸዋሮቢት_ሽንኩርት

ስለ ኪኒኑ ስታወሩ እኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ልናገር እንጂ፣ ዝም ብዬ ቆይቻለሁ።

ባለቤቴ 48 ዓመቱ ነበር። ከሰገራው ጋር ደም ማየት ጀመረ። አፍሮ አልነገረኝም። እኔ ያወቅኩት ልብሱን ሳጥብ ነው። ሐኪም ቤት ሄድን፣ አንዱ ጋ ሳይነኩት «ኪንታሮት ነው» ብለው ቅባት ሰጡን። ሌላው ጋ አሜባ አሉን። ከዚያ የባህል ሐኪም ጋ ሄደ፣ የኪንታሮት ቅጠል አሰረለት። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ከምናምን ሄደ። ሽንኩርት ለቀማ ላይ እንደ ድሮው አልቆም አለ፣ ይደክመዋል፣ ፊቱ ነጣ። የደም ማነስ ነው ተብሎ የብረት ኪኒን ተሰጠው። ደሙ በየት እየሄደ እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ጓንት አድርጎ በጣቱ መረመረው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ አዲስ አበባ ቶሎ ሂዱ» አለኝ።

ጉበቱ ጋ ደርሶ ነበር። ዘንድሮ ሁለት ዓመቱ ነው።

እና ጓሳዬ፣ አባትህ ቀዶ ሕክምና ደርሶላቸዋል። ኬሞ ደርሶላቸዋል። እሱን ንገርልኝ። «የሸዋሮቢቷ ሴትዮ እንዲህ ብላለች» በላቸው።

ጓሳ_ሳር

እትዬ ነፍሱን ይማርልሽ። እነግረዋለሁ። ቃል በቃል።

ነርሷ_ደብረብርሃን

እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይሄን የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ ከሰገራ ጋር ደም ካያችሁ፣ የሆድ አመላችሁ ተቀይሮ ሳምንታት ከቆየ፣ ሳትጾሙ ከከሳችሁ፣ በተለይ ወንድ ሆናችሁ ወይም የወር አበባችሁ ቆሞ የደም ማነስ ከተባላችሁ፣ «ኪንታሮት ነው» ተብላችሁ ብቻ አትመለሱ። በጣት መመርመር ያሳፍራል ትላላችሁ፣ ለኛ እኮ ጉሮሮ እንደማየት ነው። የሰገራ ውስጥ ድብቅ ደም ምርመራም አለ፣ አጠራጣሪ ሲሆን ኮሎኖስኮፒ ይታዘዛል። በአሜሪካ አሁን ምንም ሳያማቸው ከ45 ዓመት ጀምረው እንዲታዩ ነው የሚመክሩት።

ጸበል_አምናለሁ

ሁሉም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ጸበሉን ይጠመቁ፣ ኬሞውንም ይውሰዱ። አባቶችም መድኃኒት ተው አላሉም።

ባለ_ጋቢው

አሁን ቀልድ አይደለም። የምር ልጠይቅ። ይሄ ያረጀ መድኃኒት ለሌላ በሽታ መሞከር አንዴም ተሳክቶ ያውቃል? ወይስ ሁሌ «ተስፋ ሰጪ ነው» ብቻ ነው?

የአንኮበር_መምህር

ተሳክቷል። ፕሮፕራኖሎልን ታውቀዋለህ፣ የልብ ምትና የግፊት ኪኒን ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ። ቦርዶ፣ ፈረንሳይ፣ ሐኪሞች ለልቡ ብለው ለአንድ ሕፃን እንደሰጡት በ2008 ጽፈው አወጡ። ሕፃኑ ፊቱ ላይ ቀይ የደም ሥር ዕጢ ነበረው፣ ካንሰር ያልሆነ። ዕጢው በቀናት መፍዘዝ ጀመረ። ከዚያ በሌሎች ሕፃናት ሞከሩት፣ በዕጣ ከፍለውም ፈተሹት፣ በ2014 ኤፍዲኤ ፈቀደው። ዛሬ የታወቀ ሕክምና ነው። ግን እዩልኝ፣ ከዚያ ጽሑፍ እስከ ፈቃድ ስድስት ዓመት።

ይኸው ፕሮፕራኖሎል ለአንጀት ካንሰርም እየተሞከረ ነው። እስራኤል ውስጥ 34 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች ቀዶ ሕክምናቸው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጀምረው እሱንና ኢቶዶላክ የሚባል ማስታገሻ ለሦስት ሳምንት ያህል ወሰዱ። ከ34ቱ ግማሽ ያህሉ ግን ማስመሰያ ነው የወሰዱት። ሐሳቡ በቀዶ ሕክምና ሰሞን ጭንቀቱና ብግነቱ ለተረፉ የካንሰር ሴሎች መንገድ እንዳይከፍት ነው። የወጣው ዕጢ ሲመረመር ደህና ምልክት ታየበት። ዕድሜ ያራዝማል ለማለት ግን 34 ሰው ምንም ነው።

እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ኢናላፕሪል ርካሽ ነው፣ ማንም ፋብሪካ ይሠራዋል። ለካንሰር ቢሠራ እንኳ የሚያተርፍበት ስለሌለ ትልቅ ሙከራ የሚከፍልለት ኩባንያ አይገኝም። መልሱ የሚዘገየው ግማሹ በዚህ ይመስለኛል። እኛ ደግሞ መልሱ ሳይመጣ እንውጠዋለን።

ፋርማሲስቷ

ጓሳ፣ ላንተ በአጭሩ። ሐኪሙ «ጀምሩ» ሲልህ እንጂ ከዚያ በፊት ኢናላፕሪሉን አታስጀምራቸው። «ጀምሩ» ካለህ ባለው ልክ፣ አንድም ፍሬ ሳይጨመር። ደግሞ ለኬሞው ሐኪም የሚወስዱትን ሁሉ ንገረው፣ ቅጠሉንም፣ ጎረቤት የሰጠውንም።

ጓሳ_ሳር (ረቡዕ ማታ)

ተመለስኩ።

አባዬ ነቅቶ፣ ሾርባውን ጠጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ሳለ ሁሉንም አነበብኩለት። የሆንግ ኮንጉን ቁጥር ሁለቴ አስነበበኝ። «ወሬው ውሸት አይደለም እንግዲህ» አለኝ ደስ ብሎት። አይደለም አልኩት። ከዚያ የይፋትን ቦይ ነገርኩት። አሰበ አሰበና፣

«ታዲያ ቦይ ጠራጊውን ነው ያገኙት፣ ውሃው አሁንም አዲስ አበባ ነው በለኛ» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። የሸዋሮቢቷን ስነግረው ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ፣ ብዙ ቆየ። ስንት ዓመቱ ነበር አልክ? አለኝ። አርባ ስምንት አልኩት። «ልጅ ነዋ» አለ።

ከዚያ ዳዊቱን አምጣልኝ አለኝ። ሊጸልይ ነው ብዬ አቀበልኩት። ከማኅደሩ ውስጥ ሌላ ሙሉ እሽግ ኢናላፕሪል አወጣ። ጎረቤቱ ነው የሰጠው፣ የራሱን! እሱ ያለ መድኃኒት ተቀምጧል ማለት ነው። አሁን ደውዬ እሱን ደግሞ ስቆጣ ነበር።

ነገ ለኩላሊቱ እንታያለን። ኬሞውን በሳምንት ሊያዘገዩት ይችላሉ ብለውናል።

ባለ_ጋቢው

የጎረቤቱን ግፊትም አስለኩ። ከልቤ ነው።

ይፋት_ማሳ

አዲስ አበባ የምትገቡ ቀን ጻፍልኝ፣ እኔም ለሽንኩርት ዋጋ እሄዳለሁ። የፊት ወንበር እይዝላቸዋለሁ።